ፖስተሩ ላይ የለሁም

ሰዉን ብትጠይቁ «ሀረጎ ባንድ» ሲባል፣
ግማሹ አራት ነበሩ፣ ግማሹ ስድስት ይላል።
እኔን የሚቆጥር የለም፤ አልቀየምም፤
ብየዳ እንጂ ዜማ አልችልም።

ስሙን ያወጣው ዳገቱ ነው።
ግማሻችን ደሴ፣ ግማሻችን ኮምቦልቻ፣
ድራሙን ሚኒባስ ላይ ጭነን፣ መውጣት መውረድ ብቻ።
ታች በቦርከና ሙቀት የተቃኘ ጊታር
ጉሙን ሰንጥቆ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ያወራ ነበር።
«ብርዱ ነው ያጣመመው፣» ይላል እንድሪስ፣
«እኔ ምን ላድርገው?»

መጀመሪያ እነሱ ነበሩ፦
እንድሪስ ሙሄ፣ ሊድ ጊታር፣ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ክር ማጥበቅ ከአባቱ የወረሰ።
ደምሰው፣ ድራም፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣
ምቱን ከሽመናው ማሽን የቀዳ፣ ሌሊት የማይተኛ።
ዘለቀ፣ ቤዝ፤ በቀን አራት ቃል ካወራ በዛ።
ሉባባ ይመር፣ ድምጽ፤ አሸዋ ላይ የተጎተተ ብረት፣ ግን የሚጣፍጥ።
እና እኔ፣ ከሁለት የሞቱ ቴፖች አንድ ሕያው አምፕሊፋየር ያወጣሁ፣
ፊውዝ ሲጠፋ በሲጋራ ብልጭልጭ የጠቀለልኩ።

የመጀመሪያው ሠርግ ሰኞ ገበያ ነበር።
ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ የሙሽራው አጎት ተነሣ፣
ዳሱን አቋርጦ እኔ ጋ መጣ፣ አዘነልኝ፣
«ልጄ፣ ይሄ ማሽን ተበላሽቶብሃል መሰለኝ።»
የእንድሪስ ዲስቶርሽን ነው ያስደነገጠው።
መፍቻዬን አንስቼ የምጠግን መሰልኩ፤
ሉባባ ሳቅ አፍኗት ግጥሙን ረሳችው።

ከዚያ መሄድ መጣ።
እንድሪስ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ ተሳቢ፣ የጅቡቲ መስመር፤
«ሚሌ ስደርስ» ይለኛል በስልክ፣ «ጣቴ መሪው ላይ ይጫወታል፣ አላዘዝኩትም።»
በሱ ቦታ አስናቀው፣ ጣቱ ፈጣን፣ ልቡ ችኩል፣
በስምንት ወሩ ከነትርፍ ክራችን የሆቴል ባንድ ገባ።
ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች፤
አብረው መጡ፣ ተጣሉ፣ በየፊናቸው ሄዱ።
ደምሰውን የሌሊት ፈረቃ ወሰደው።
ሉባባ አገባች። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፣
ብቻ «በቃ» የሚለውን ቃል ያውቃል።

ዘለቀ አልሄደም። ዘለቀ ሞተ።
ኩላሊት ነው አሉ፤ ለእኛ አልነገረንም፣ አምስተኛ ቃል ይሆንበት ነበር።
ሁለት ዓመት ቤዝ አልፈለግንም፣ ያለ ቤዝ ተጫወትን።
ሰዉ «አንድ ነገር ጎደለ» ይላል፣
ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።
እኔ ቻናሉን አልዘጋሁም።
ምንም ያልተሰካበት ቻናል ሲከፈት
በቀስታ ያጓራል፤ ጆሮ ላለው
እንደሱ ነው፣ እንደ አራት ቃል።

በዚያ ጥቅምት ከተማው በሀረጎ ቁልቁል ሲፈስ
በር ቆልፌ ወረድኩ፤ ስመለስ በርም የለ፣ አምፕም የለ።
የስፒከሩን ሳጥን ጎረቤት ጓሮ አገኘሁት፣
ዶሮ ታቅፋበታለች።
ምን ይባላል? ሃያ አንድ ቀን ጠበቅኋት።

አሁን ልጆች ናቸው።
ድራሙ ላይ ኤክራም፣ በጫማዋ ወለሉን የምትሰብር፤
ጊታሩ ላይ አንድ ጸጉራም፣ ስሙን እያደር የሚቀይር።
አንድ የድሮ ተመልካች ቀርቦ ጠየቀኝ፣
«ከመጀመሪያዎቹ ማንም የለም፤ ታዲያ ይሄ ያው ባንድ ነው?»
የሀረጎን አስፋልት ስንቴ ገፈው ስንቴ እንዳለበሱት ልነግረው አሰብኩ፣
ግን ማይክ እየፈተንኩ ነበር፤ «አንድ፣ ሁለት» አልኩት።

ለቅዳሜ ፖስተር አሳትመዋል። አምስት ስም።
እኔ የለሁም፤ ደህና።
ቤዝ የምትጫወተው ማህሌት አዲስ ናት፣ ጎበዝ ናት፣
ገመዷን ይዛ የቱ ላይ ልሰካ ስትለኝ
አምስት ላይ አልኳት።
«አራት ባዶ አይደል እንዴ?»
ተበላሽቷል ብያታለሁ።